አንዱ ደመወዝ የሁለታችሁ ነው

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ጎጆ ለወጣችሁና የመጀመሪያ ልጃችሁን ለታቀፋችሁ፣ ወይም ለመታቀፍ ለተቃረባችሁ ወጣቶች ነው። በተለይም እንደ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ለምትኖሩ፤ የመሀል ከተማው ኪራይ ገፍቶ አውጥቷችሁ፣ የኑሮ ውድነቱ ግን እስከ ደጃችሁ ተከትሏችሁ ለመጣ። የወሊድ ፈቃዱ ሊያልቅ ሲል በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሁለታችንም ወደ ሥራ እንመለስ ወይስ አንዳችን ቤት እንዋል? እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሒሳብ ክፍል የሰው ደመወዝ ሳሰላ ነው። ባለቤቴ ልጆቻችንን ቤት ሆና ስታሳድግ ደግሞ ቤታችንን የያዘው የእኔ ደመወዝ ብቻ ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከደመወዝ መዝገቡም ከጓዳውም በኩል አውቀዋለሁ።

ከመዝገቡ ልጀምር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጣል። ብዙዎቻችሁ ልብ የማትሉት ነገር ግብሩ የሚሰላው በእያንዳንዱ ሰው ደመወዝ ላይ መሆኑን ነው። ሕጉ ስንት አፍ እንደምትመግቡ አይጠይቅም፤ ልጅ ስለወለዳችሁም የሚቀንስላችሁ ነገር የለም። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው 9,000 ብር ቢያገኙ ከአንዱ 1,400 ብር ግብርና 630 ብር ጡረታ ተቆርጦ 6,970 ይደርሰዋል፤ ለሁለቱ 13,940 ብር ማለት ነው። ያንኑ 18,000 ብር አንዱ ብቻውን ቢያገኘው ግብሩ 4,250፣ ጡረታው 1,260 ሆኖ ቤት የሚገባው 12,490 ብር ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚሠራበት ቤት በእኩል ገቢ ላይ በወር 1,450 ብር የበለጠ ግብር ይከፍላል። ይህንን እያወቃችሁ ግቡበት።

በሌላ በኩል ሁለተኛው ደመወዝም ሙሉውን ቤት አይገባም። ከ6,970 ብሩ ላይ የሞግዚቷን ወይም የሕፃናት ማቆያውን ክፍያ ቀንሱ። ከዳርቻ ተነሥቶ መሀል ከተማ ለመድረስ የሚያዘውን ሁለት ሦስት ታክሲ፣ የደርሶ መልሱን በወሩ የሥራ ቀናት አባዝታችሁ ቀንሱ። የምሳውን፣ ሲመሽ ደክሞ ከደጅ የሚገዛውን እንጀራ ቀንሱ። የሚቀረውን በራሳችሁ ቁጥር አስሉት፤ የጎረቤት ሒሳብ ለእናንተ አይሆንም። በአንዳንዱ ቤት የሚቀረው ጥሩ ገንዘብ ነው፣ በአንዳንዱ ደግሞ ከታክሲና ከሞግዚት አያልፍም። ቤት መዋልን የመረጣችሁ እንደሆነ ግን ከዚህ በኋላ የምላችሁን በትዕግሥት ስሙኝ።

በአንድ ደመወዝ መኖር የሚያቅተው ደመወዙ ስላነሰ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚያጎድለው ደመወዙ የተቀባዩ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው።

በሰፈራችን ሱቅ በር ላይ ጠዋት ጠዋት የማያት አንዲት ወጣት እናት አለች። ልጇን አዝላ ትመጣለች። በትንሽ የውሃ ፕላስቲክ ዘይት ታስቀዳለች፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ በብርጭቆ የተሰፈረ ሽሮ ትወስዳለች። ዳይፐሩን ባለሱቁ ከእሽጉ አውጥቶ በፍሬ ይሰጣታል። በመጨረሻ የያዘችውን ብር ቆጥራ ታስረክባለች፤ ካነሳት ከሽንኩርቱ ይቀነሳል። ይህች ልጅ እሽጉን መግዛት እንደሚያዋጣ ጠፍቷት አይደለም፤ ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች። በእጇ ያለው ግን የዛሬው አስቤዛ ብቻ ነው። ባሏ ማለዳ ሲወጣ የዕለቱን ቆርጦ ይሰጣታል፤ ወሩን የያዘው እሱ ነው። የሚያሳዝነኝ እሱም ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው። ገንዘቡ እንዳያልቅበት በመፍራት በየቀኑ ሲቆርስ፣ በወሩ መጨረሻ ብዙ ከፍሎ ጥቂት ገዝቶ ያገኘዋል። ወሩን በሙሉ የሚያይ ሰው አምስት ሊትር ዘይት ይገዛል፣ እሽጉን ይገዛል፣ የሸማቾች ማኅበር ስኳርና ዘይት ባመጣ ቀን ተሰልፎ ይወስዳል፣ በእሁድ ገበያ ከአምራቹ የመጣ አትክልት ለሳምንት ይይዛል። የዛሬን ብቻ የሚያይ ሰው በችርቻሮ ዋጋ ይኖራል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ዘይት፣ የሕፃን ወተትና ዳይፐር ሲንር የዚህ ልዩነት ሸክም ከብዷል።

በእኛ ቤት ደመወዝ በተከፈለበት ማታ የደመወዝ ወረቀቴን ከነተቆረጠው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ ነበር። ባለቤቴ ደብተሯን ይዛ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ኪራዩ፣ ቀጥሎ ዕቁቡ፣ ቀጥሎ ዕድሩ፣ ከዚያ የእኔ የትራንስፖርት፣ ከዚያ ጓዳው። ዕቁቡ የተጣለው ለጤፍ ነበር። እጣው በኅዳርና በጥር መካከል እንዲደርሰን ከዳኛው ጋር የምትነጋገረው እሷ ናት፤ አዲስ ጤፍ ከአድአ በኩል የሚገባው በዚያን ጊዜ ነውና። በርበሬውን በበጋ ራሷ ቀንጥሳ፣ አጥባ፣ አስጥታ፣ ደልዛ ለዓመት ታስቀምጠዋለች። ይህ ሁሉ ሥራ ነው፣ ይህ ሁሉ ገቢ ነው። ደመወዜ በወረቀት ላይ ካለው በላይ የገዛልን እሷ ሙሉውን ስለምታውቀውና ስለምታዝዝበት ነው።

ይህን የምላችሁ የደግነት ጉዳይ አድርጌ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 62 ባልና ሚስት በየግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ ሁሉ የጋራ ሀብታቸው እንደሆነ ይደነግጋል። ደመወዙ በማንም ስም ይምጣ፣ ከሠርጋችሁ ቀን ጀምሮ የሁለታችሁ ነው። ስለዚህ «ሰጠኋት»፣ «ሰጠኝ» የሚለው አነጋገር ከቤታችሁ ይውጣ። የጋራ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ለእያንዳንዳችሁ ደግሞ ማንም የማይጠይቃችሁ ጥቂት የኪስ ገንዘብ መድቡ፣ ለሁለታችሁም እኩል። ቤት የምትውል ሴት ለእናቷ ጥቂት ብር ለመላክ ፈቃድ መጠየቅ የለባትም። ቤት የሚውለው ባል ከሆነም እንደዚሁ፤ እንዲህ የሚኖሩ ወጣቶች ዛሬ አሉ፣ በርቱ ነው የምላቸው።

የምትሠሩትም ብትሆኑ የዚህ ተጠቃሚ ናችሁ። ኪራይ ሊጨመር ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሊቀንስ ነው የሚለውን ጭንቀት ብቻውን ይዞ የሚያድር ሰው ይታመማል። ጭንቀቱንም ተካፈሉት።

የዘመድ ነገር ቤት ያፈርሳልና አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ከገጠር ለሕክምና የሚመጣ አጎት አለ። እምቢ ማለት አንችልም፣ አይገባምም። ግን ለዚህ በዓመት የምትችሉትን ወስናችሁ ከዚያ በላይ ሲመጣ አብራችሁ መልስ ስጡ። ለእሱ ወገን ተሰጥቶ ለእሷ ወገን ከታጣ ቂሙ ከብሩ ይበልጣል።

ቤት ስትመርጡ ኪራዩን ብቻ አትዩ። ኪራዩ ረከሰ ብላችሁ ሩቅ ሄዳችሁ፣ የሚሠራው ሰው በጨለማ ወጥቶ በጨለማ የሚገባ ከሆነ ልጁ አባቱን የሚያውቀው እሁድ ብቻ ይሆናል። የሥራ ቦታው ቃሊቲ ለሆነ ሰው ቱሉ ዲምቱ ሲያዋጣው የካ አባዶ አያዋጣውም። የከተማው አውቶቡስ መነሻ በእግር የሚደረስበት ቤት ትንሽ ቢያስከፍልም ይሻላል። ውልን በተመለከተ፣ በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። አከራዩ በቃል እንስማማ ቢላችሁ በትሕትና ግን አጥብቃችሁ ጽሑፍ ጠይቁ። በአንድ ደመወዝ የሚኖር ቤተሰብ በየስድስት ወሩ ዕቃ ጭኖ መዞር አይችልም።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ አጭር ነኝ። የግል ትምህርት ቤት ካልሆነ ልጄ ይበላሻል የሚለው ፍርሃት ብዙ ቤት ዕዳ ውስጥ ከቷል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተማሪዎች ምገባ አለ። በአቅራቢያችሁ ያለውን ገብታችሁ እዩት፣ መምህራኑን አነጋግሩ። ቤት የሚውል ወላጅ ያለው ልጅ ማታ ደብተሩን የሚያይለት ሰው አለው፤ ይህን በክፍያ የማይገዛ ነገር አድርጌ አየዋለሁ።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ሥራውን ትቶ ቤት የሚውለው ሰው የነገ ኑሮውን ሊያጣ ይችላል። ደመወዝ ሲከፈል ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ገቢ ይሆናል። ሥራ ስታቆሙ ይህ ይቆማል። በ60 ዓመት የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ስምንት ዘጠኝ ዓመት ሠርታችሁ ከሆነ አሥሩን መሙላቱን፣ በራሱ ፈቃድ ለሚለቅ ሰው ሕጉ የሚለውንም ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ ጠይቃችሁ በደንብ አስቡበት፤ የአንድና የሁለት ዓመት ትዕግሥት የእርጅና ዘመን እንጀራ ሊሆን ይችላል። ጡረተኛ ሲሞት ለባል ወይም ለሚስት የሚተላለፈው ከአበሉ ግማሹ ነው። ሠርታችሁ ያገኛችሁት የራሳችሁ አበል ግን ሙሉ ነው። ስለዚህ ከወሩ ገንዘብ ላይ፣ ከጓዳውም ቀድሞ፣ ቤት በሚውለው ሰው ስም በባንክ ወይም በቁጠባና ብድር ማኅበር የሚቀመጥ ድርሻ ይኑር። ትንሽም ቢሆን በየወሩ ሳይቋረጥ።

የምትመለሱበትንም ጊዜ ከአሁኑ ቁረጡ። ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ይሁን አንደኛ ክፍል፣ ለሁለታችሁም ግልጽ ይሁን። ነርስ ከሆናችሁ የሙያ ፈቃዳችሁ ጊዜው እንዳያልፍ በየወቅቱ አሳድሱ፤ የሒሳብ ሰው ከሆናችሁ የግብር ሕጉ ሲለወጥ አንብቡ፤ ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋር ስልክ መደዋወሉን አትተዉ። መሥሪያ ቤቱን ስትለቁ በኩርፊያ ወይም በጥድፊያ አትውጡ። የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ከነማዕረጉና ከነደመወዙ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ተቀበሉ፤ ክሊራንሱን ጨርሱ፤ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ከጋብቻ ማስረጃችሁና ከልጁ የልደት ካርድ ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡት።