ምጥን ማቅለል ከእግዚአብሔር ፍርድ መሸሽ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሲሆን የመጀመሪያ ልጄን የምወልድበት ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ክትትል የማደርግበት ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ነርስ ምጥ ሲመጣ እንዴት መተንፈስ፣ መንቀሳቀስና ወገብን መታሸት እንደሚገባ ታስተምረናለች። አማቴ ግን «ምጥ የሔዋን ዕዳ ነው፤ ሕመሙን ለማቅለል መሞከር ከእግዚአብሔር ፍርድ መሸሽ ነው» ይላሉ። ምጥ ያፋጥናል የሚባል ቅጠልም አዘጋጅተውልኛል። ስለ ጾሙና ስለ ሐኪም ማስታገሻም ግራ ገብቶኛልና ቢያስረዱኝ።

መልስ፦ የተወደድሽ እህታችን፣ አማትሽ የጠቀሱት ቃል በኦሪት ዘፍጥረት 3፥16 የተጻፈው ነው። ቃሉ ከውድቀት በኋላ የሰው ልጅ ምን እንደሚገጥመው ይናገራል እንጂ ሴት ሕመሟን እንዳታቀልል የሚከለክል ትእዛዝ አይደለም። በዚያው ምዕራፍ ምድር እሾህና አሜከላ እንደምታበቅል ለአዳም ተነግሮታል፤ ሆኖም እሾሁን ነቅሎ በበሬ የሚያርሰውን ገበሬ ከፍርድ ሸሸህ ብሎ የወቀሰው የለም። በሔዋን ልጆች ላይ ብቻ የሚከብድ ትርጓሜ ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም።

ቤተ ክርስቲያንማ በዚህ ጉዳይ ከየትኛው ወገን እንደቆመች ጸሎቷ ይመሰክራል። ሴት ምጥ ሲይዛት በዙሪያዋ ያሉት «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ የሚማጸኑት ምጡ እንዲቀልላትና በሰላም እንድትገላገል ነው። ጳጉሜን 3 ቀን በዓሉን የምናከብርለትን ሊቀ መላእክት ቅዱስ ሩፋኤልን ፈታሔ ማኅፀን ብለን የምንጠራው፣ እርጉዞችም ድርሳኑን የሚያስነብቡት ለዚሁ ነው። ሕመሙን ማቅለል ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ልመና ኃጢአት በሆነ ነበር። ከልደቶች ሁሉ የከበረው የጌታችን ልደት ደግሞ እመቤታችን ያለ ምጥ የወለደችው እንደሆነ እናምናለን፤ ስለዚህ ወሊድን ቅዱስ የሚያደርገው የሕመሙ ብዛት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪሙን እንድናከብር ያዝዛል፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነና ብልህ ሰው እንደማይንቀውም ያስተምራል።

ይህ ክርክር ለእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። በ1847 እ.ኤ.አ. ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ለሚያምጡ ሴቶች ክሎሮፎርም የተባለውን ማደንዘዣ መስጠት ሲጀምር ይኸው ጥቅስ ተነሥቶበት ነበር። እርሱም እግዚአብሔር ከአዳም ጎን አጥንት ሲወስድ አስቀድሞ ከባድ እንቅልፍ እንደጣለበት ዘፍጥረት 2፥21ን ጠቅሶ መለሰ። ሰውየው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ባይሆንም መልሱ ግን መልካም መልስ ነው።

አሁን ነርሷ ወደምታስተምራችሁ ነገር ልምጣ፤ ምክሯን ያለ ሥጋት ተቀበዪ። ፍርሃት ሲበረታ ጡንቻ ይወጣጠራል፣ ሕመሙም ይብሳል፤ በፍርሃት ጊዜ የሚመነጨው አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን ሲበዛ ምጡን ራሱን ሊያዘገየው ይችላል። ቀስ ብሎ መተንፈስ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ለአማኝ ሴት ደግሞ ትንፋሹ ከጸሎት ጋር ሊሄድ ይችላል። ምጡ ሲነሣ በአፍንጫሽ አየር እየሳብሽ በልብሽ «እግዚኦ» በዪ፤ ከሳብሽበት ረዘም አድርገሽ በአፍሽ እያስወጣሽ «ተሣሃለነ» በዪ። ቁጥር ግን አትያዢ፤ 41 ጊዜ ማድረስ በረጋ ሰዓት የሚደረግ ነው፣ በምጥ ላይ ያለች ሴት ቆጠራው ቢጠፋባት የሚቀርባት ነገር የለም።

ከትንፋሹም ይልቅ እኔ የማስበልጠው አብሮሽ የሚሆነውን ሰው ነው። ራሔል በምጥ ተጨንቃ ሳለ አዋላጂቱ አስቀድማ «አትፍሪ» እንዳለቻት በዘፍጥረት 35፥17 ተጽፏል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ እያንዳንዷ ወላድ ራሷ የመረጠችው ሰው በምጡ ጊዜ ሁሉ አብሯት እንዲሆን ይመክራል፤ ሳትለይ የምትደግፋት ሰው ያላት ሴት ምጧ እንደሚያጥርና ማስታገሻ የመፈለግ ዕድሏም እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷልና። ጤና ጣቢያሽ አጋዥ ሰው ወደ ማዋለጃ ክፍል ያስገባ እንደሆነ ከአሁኑ በክትትል ቀንሽ ጠይቂ። ከተፈቀደ ደግሞ አማትሽን ብትመርጪያቸው መልካም ይመስለኛል፤ ወልደው ያሳደጉ እናት ናቸው፣ ሥራ ሲሰጣቸው ሥጋታቸውም ይቀንሳል። ምጡ ሲመጣ ከወገብሽ በታች ባለው አጥንት ላይ በመዳፋቸው ጠበቅ አድርገው ይጫኑልሽ፣ ሲለቅሽ ያሹልሽ፤ በሙቅ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣም በወገብሽ ላይ ያኑሩልሽ፣ ቆዳ እንዳያቃጥል አስቀድመው በክንዳቸው ይለኩት።

በጀርባሽ ተንጋለሽ አትቆዪ። መራመድ፣ አልጋ ወይም ግድግዳ ተደግፎ መቆም፣ በጎን መተኛት፣ መንበርከክ፣ ሁሉም ከመንጋለል ይሻላሉ፤ እናቶቻችንም በየቤታቸው ተንበርክከው ሲወልዱ ኖረዋል። ሐኪም ካልከለከለሽ በስተቀር ውሃ፣ ስኳር ያለው ሻይና ቀጠን ያለ አጥሚት በመጠኑ ውሰጂ፣ ምጥ ጉልበት ይፈልጋልና። ጾሙን በሚመለከት እርጉዝና የምታጠባ እናት እንደ አቅሟ ትታያለችና ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ የሚሉሽን ፈጽሚ፤ ምጥ የያዛት ሴት ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ ብላ ራሷን ማድከም አይገባትም።

ቅጠሉን በተመለከተ ከአማትሽ አሳብ እለያለሁ። ጤና አዳምም ሆነ ሌላ ምጥ ያፋጥናል የሚባል ቅጠል ተቀቅሎ ሲጠጣ መጠኑ አይታወቅም፤ ማኅፀን ከልክ በላይ ከተኮማተረ ለሕፃኑ የሚደርሰው አየር ይቀንሳል፣ ማኅፀኑም እስከ መቀደድ ሊደርስ ይችላል። ሆድን በቅቤ እያሹ ወደ ታች መጫንም እንዲሁ አደገኛ ነው። ወገብን ማሸት ሌላ፣ ሆድን መጫን ሌላ ነው። ክታብ ማሰርን ደግሞ ሳልጠየቅ እጨምራለሁ፤ እርሱ የሃይማኖት ጉድለት ነውና አይነካሽ። ጸበል መቅመስና መረጨት ግን በረከት ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በቤት ለመውለድ ምክንያት እንዳይሆንሽ እለምንሻለሁ። ላስፈራሽ አይደለም እንጂ ራሔል «አትፍሪ» ብትባልም በዚያው ምጥ አርፋለች፤ የሕፃኑ መውጫ ሲዘጋ ትንፋሽም መታሸትም አይከፍተውም። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚሠራው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል የተቋቋመው ምጥ ለቀናት ተዘግቶባቸው ለተጎዱ እናቶች ነው። ደም ከፈሰሰሽ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከያዘሽ፣ የሽርት ውሃው ከፈሰሰ ወይም መልኩ አረንጓዴ ከሆነ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ የምጡን መበርታት ሳትጠብቂ ሂጂ። እናንተ ባላችሁበት ዳርቻ በሌሊት መኪና ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁና ባለቤትሽ የታመነ ሹፌር ከአሁኑ ያነጋግር፤ ከጤና ጣቢያው ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ብትላኪ በምን እንደምትሄዱም ይወቅ።

ሐኪም ማስታገሻ መርፌ ቢያዝልሽ ወይም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግሽ፣ በዚህ ምክንያት የሚጠየቅ ኃጢአት የለብሽም፤ ንስሐም አያስፈልገውም። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ያላማጠች ናት የሚል ንግግር በየሰፈሩ እሰማለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተወሰደ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከወለድሽ በኋላ ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን እስኪሞላ ወደ ቤተ መቅደስ ስለማትገቢ፣ ቀንሽ ሳይደርስ ንስሐ ገብተሽ ሥጋ ወደሙን ተቀበዪ። ምጥ ከጀመረሽ ግን ቅዳሴ ላስቀድም ብለሽ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄጂበትን ሰዓት አታዘግዪ።