የማይነቃው ቦርድ እና የባንኩ ሥራ

ውድ ጠያቂዬ፣

በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ተመራቂ እንደሆንህ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክትህም ኤኤም335ኤክስ የሚባል ፕሮሰሰር ባለው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ላይ የተሠራ፣ በባትሪ የሚሠራ የዝናብ መጠን መመዝገቢያ እንደሆነ ጽፈህልኛል። ቦርዱ ሥራ ሲያጣ እንዲተኛና በሰዓቱ እንዲነቃ የሚያደርገው ኮድህ ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ግን ቦርዱ እንደተኛ ይቀራል። አማካሪህ ለመመረቂያ ይበቃል ብለውሃል። አባትህ ደግሞ ደሴ ካሉት ባንኮች በአንዱ ተቀጥረህ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ቤቱን እንድትደግፍ ይፈልጋሉ። አንተም «በዚህ አገር ለዚህ ዕውቀት ማን ይከፍላል?» ብለህ ሥራውን እርግፍ አድርገህ ልትተወው ነው።

እኔ በዚህ አልስማማም። ልትተወው ያሰብኸው ነገር ቀላል አይደለም። የቦርዱ ዋና ሜሞሪ በሆነው ዲራም ውስጥ ያለ መረጃ በየጊዜው ካልታደሰ ይጠፋል፤ በተለመደው የሙቀት መጠን ሁሉም ረድፎች በ64 ሚሊሰከንድ ውስጥ መታደስ አለባቸው። ቦርዱ ሲተኛ ሜሞሪው ሰልፍ ሪፍሬሽ ወደሚባል ሁኔታ ገብቶ ራሱን እያደሰ ይቆያል፤ ሜሞሪውን የሚቆጣጠረው የሜሞሪ ኮንትሮለር ግን ኃይል ሲቋረጥበት የጊዜ አቀማመጡንና የካሊብሬሽን (የማስተካከያ ልኬት) ውጤቱን በያዙት ሬጅስተሮቹ፣ ማለትም በትንንሽ ማስቀመጫዎቹ፣ ውስጥ ያለው ይጠፋበታል። እነዚህን የሬጅስተር ቁጥሮች እዚያው ዲራም ውስጥ ማስቀመጥ ሣጥን ቆልፎ ቁልፉን ሣጥኑ ውስጥ እንደመተው ነው፤ እነሱ ሳይመለሱ ዲራሙ አይነበብምና። ስለዚህ ቁጥሮቹም ሆኑ እነሱን የሚመልሰው ኮድ ኃይል በማይቋረጥበት፣ ቺፑ ውስጥ ባለው ኤስራም በሚባል ትንሽ ሜሞሪ መቀመጥ አለባቸው። አንተ ይህን በደብዳቤህ ከነምክንያቱ አስረድተኸኛል፤ እንዲህ አድርጎ የሚያስረዳ ተመራቂ ደግሞ በብዛት አያጋጥመኝም።

ይሁን እንጂ «አልፎ አልፎ አይነቃም» የሚባል ፕሮጀክት ይዘህ ቀጣሪ ፊት ብትቀርብ ዕውቀትህን አያሳይልህም። በመጀመሪያ ስህተቱ የኮንትሮለሩ ነው ወይስ የሌላ ድራይቨር (አንድን መሣሪያ የሚያሠራ ፕሮግራም) የሚለውን ለይ። የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ፒኤም ቴስት የሚባል መፈተሻ አለው፤ መጀመሪያ ፕሮሰሶችን ብቻ በማገድ፣ ቀጥሎ መሣሪያዎቹን በማስተኛት፣ እንቅልፉን ደረጃ በደረጃ ይፈትሻል። ሁሉም ደረጃዎች ያለ እንከን አልፈው ቦርዱ በእውነተኛው እንቅልፍ ላይ ብቻ ከቀረ፣ ጥርጣሬው ወደ ሜሞሪው ያዘነብላል። ከዚያ ሜሞሪውን በምታውቀው ቁጥር ሞልተህ፣ መረጃው አለመለወጡን የሚያሳየውን ድምር (ቼክሰሙን) ይዘህ፣ ቦርዱን በአርቲሲ፣ ማለትም በቦርዱ ሰዓት፣ ማንቂያ ሌሊቱን ሙሉ እያስተኛህ አንቃው፤ ውጤቱንም በሲሪያል መስመር ላፕቶፕህ ላይ መዝግብ። (መብራት ቢጠፋ ሁለቱም ባትሪ ስላላቸው ፈተናው ወዲያው አይቋረጥም።) የኮንትሮለሩን ሬጅስተሮች ከእንቅልፍ በፊትና በኋላ አነጻጽር፤ ሳይመለስ የቀረ ካለ ያኔ ይታይሃል። ከማስተካከልህ በፊትና በኋላ ቦርዱ ከስንት እንቅልፍ ስንት ጊዜ እንደቀረ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አዘጋጅተህ ከኮዱ ጋር ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማኖሪያ ድረ ገጽ ላይ አኑር። እኔ ቀጣሪ ብሆን ከሰርተፍኬት ክምር ይልቅ ይህን አነባለሁ።

የአባትህን ጉዳይ በግልጽ ልናገር። የሚፈልጉት ደመወዝ እንጂ ባንክ አይደለም፤ ባንክን የሚጠሩት በፒያሳ ሲያልፉ ዘወትር የሚያዩት ደመወዝ ከፋይ እሱ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያ ደመወዝህ ገና ሳትቀጠር ለእቁብ እንደተመደበ ጽፈሃል። ይህ ትክክል አይደለም፤ ቤተሰብ በሌለ ገንዘብ ላይ ቃል ከገባ በኋላ ልጁን በዚያ ቃል ማሰር የለበትም። ይህንንም ከእኔ ሳይሆን ከአንተው አፍ በአክብሮት መስማት ይገባቸዋል። በወር ምን ያህል እንደምታዋጣና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ቁርጡን ንገራቸው፤ «አያለሁ» ብለህ አትለፈው።

ደመወዙ ግን የግድ ያስፈልጋል፤ ቤት ተቀምጠህ ኮድ ጻፍ አልልህም። ኮምቦልቻ የጨርቃጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች ያሉባት፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮም የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት። እኔም ከዚህ ሥራ በፊት እዚያው በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል በሺፍት ሠርቻለሁ፤ ባትሪው በማለቁ ፕሮግራሙ የጠፋበት ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽኖችን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) አንድ የምርት መስመር ሙሉ ሲያቆም፣ የፈረቃው ኃላፊም ከራስህ በላይ ቆሞ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲል ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ያ ችግር ከአንተ ቦርድ ችግር ጋር አንድ ሥር አለው፤ ኃይል ሲቋረጥ ምን ይጠፋል፣ ምን ይቀራል፣ የቀረውስ የት ተቀምጧል የሚለው ነው። በባንክ መስኮት ሁለት ዓመት ከቆየህ ግን ይህን ጥያቄ የሚጠይቅህ ሰው አይኖርም። ስለዚህ የመጀመሪያ ማመልከቻህን ለፋብሪካዎቹ የጥገና ክፍሎች አስገባ። የጥገና ሥራ ለዲግሪ ባለቤት አይመጥንም የሚለውን ጓደኛህን አትስማው።

ስለ ሌሎቹ ጥያቄዎችህ፦ የትምህርት ውጤትህ 2.8 መሆኑ ከመውጫ ፈተናው ማለፍ በላይ አያስጨንቅህ። ማስተርሱ ሠርተህ ካየህ በኋላ ይቆይህ። የዌብሳይት ሥራን ለተጨማሪ ገቢ ከሆነ ቅዳሜና እሑድ ሥራው።

አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። ቦርዱ የላብራቶሪው ንብረት ስለሆነ ለክሊራንስ መመለስህ አይቀርም። በዚህ ሳምንት ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክተህ እስከ ምርቃት ድረስ በእጅህ እንዲቆይ አስፈቅድ፤ ካልፈቀዱም የሌሊቱን ፈተና ከላብራቶሪው ሠራተኛ ጋር ተነጋግረህ እዚያው አስኪደው።