ልስኑ በየዓመቱ ለምን ይረግፋል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ጉለሌ ያለው የእናቴ ቤት ጭቃ ነው፤ እኔ ሳልወለድ የተሠራ። የዛሬ አምስት ዓመት ውጪውን በሲሚንቶ አስለሰንነው፣ አምሮበት ነበር። አሁን ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ከታች በኩል እየተገነጠለ ይወድቃል። ውስጡ ደግሞ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ይረጥባል፣ የአልጋው ጀርባ ሻግቷል። ሁለቴ አስጠገንኩ፣ ሁለቴም ወደቀ። ለሳኙ «ሲሚንቶው ሳስቶ ነው፣ እናወፍረው» ይለኛል። ላወፍረው?

መልስ፦ ኧረ አታወፍሪው! ብርሽንም አትጨርሺ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭቃ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ የጠጣውን መልሶ ይተፋል። ሲሚንቶ ስታለብሺው መትፊያው ይዘጋበታል። ውሃው ከመሬትም ይምጣ ከስንጥቅ ልስኑ ጀርባ ይጠራቀማል፣ ጭቃው ይላሽቃል፣ ሲሚንቶው የሚይዘው ነገር ያጣና በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። ስለዚህ አወፈርሽው ማለት ክብደት ጨመርሽበት ማለት ነው። የልስኑ መውደቅስ ቀላሉ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ውስጥ ያለው የባህር ዛፍ ቋሚ ነው፤ እዚያ እርጥበት ውስጥ ቆሞ ይበሰብሳል፣ ከውጪ ስታይው ግን ግድግዳው ደህና ይመስላል።

በመጀመሪያ ልስኑን በጣትሽ አንጓ እያንኳኳሽ ቤቱን ዙሪው። ድፍን ድምፅ ከሰጠሽ ይዟል። እንደ ባዶ እንስራ ከጮኸ ለቋል፣ በጠመኔ ምልክት አድርጊበት። ልስኑ በወደቀበት በኩል ቋሚዎቹ ይታዩሻል፤ ካቻቪቴ ያዢና እግራቸው ስር፣ መሬቱን ሊነኩ ሲሉ ያለውን ቦታ ውጊው። ጤነኛ እንጨት ጫፉን ብቻ ነው የሚያስገባልሽ። ካቻቪቴው ያለ ትግል አንድ ጣት ያህል ከገባ በስብሷል። ሲወጋ ደረቅ ሆኖ ውስጡ ባዶ ከሆነ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ እንደ ጅማት የተለጠፈ ቀጭን የአፈር መንገድ ካየሽ፣ ያ ምስጥ ነው። መንገዱን አፍርሺና ከሳምንት በኋላ ተመልሰሽ እይው። ደግሞ ከተሠራ ምስጡ አሁንም ቤት ውስጥ ነው፤ ስለመድኃኒቱ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥሪ፣ ራስሽ አትርጪ።

ቀጥሎ መሬቱን እይ። ብዙ ሰው ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ ይሄን ይረሳዋል። አክስቴ ቤት ልጆች ሆነን ሦስት ደረጃ ወጥተን ነበር የምንገባው። በኋላ አንድ ደረጃ ወርደን መግባት ጀመርን። ቤቱ አልሰመጠም። መንገዱ ላይ ጠጠር ተደፋ፣ ከዓመታት በኋላ ኮብልስቶን ተነጠፈ፣ ግቢውም ፍርስራሽ በተረፈ ቁጥር እየተሞላ ከፍ አለ፣ ቤቱ ብቻ ባለበት ቀረ። የናንተም ወለል ከውጪው መሬት እኩል ወይም በታች ከሆነ ጥፋቱን እዚያው አገኘሽው።

ሥራው የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ግድግዳው ስር የተከመረውን አፈር ከወለሉ ሁለት ስንዝር ያህል ዝቅ እስኪል አስነሺ፣ ወደ ውጪ እንዲያዘነብል አድርጊ፣ ጠጠር ድፊበት። አሸንዳ ከሌላችሁ አስገቢ፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት ላይ ነጥሮ ነው ግድግዳውን የሚደበድበው። ከዚያ የለቀቀውን ሲሚንቶ እርጥበቱ ካቆመበት አንድ ክንድ ከፍ እስኪል አራግፊውና ግድግዳውን ተይው። ይድረቅ። ጥቅምትና ኅዳር ለዚህ የተፈጠሩ ወራት ናቸው፤ ሐምሌ ላይ የሚለስን ሰው ገንዘቡን ቦይ ውስጥ ቢጥለው ይሻለዋል። ሶኬት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ እርጥቡ ግድግዳ ላይ ካለ ደግሞ መብራቱን ከቆጣሪው ሳታጠፊ አንድም ቦታ እንዳትመቺ።

የበሰበሰ ቋሚ ሲቀየር ጣሪያውን በባላ ደግፋችሁ አንድ በአንድ ነው። ሦስቱን በአንዴ ነቅሎ ቤት የጣለ አናጺ አውቃለሁ፣ ሰው አልነበረበትም እንጂ። አዲሱ እንጨት አፈር ውስጥ አይቀበር፣ ድንጋይ ላይ ይቁም። የማዕዘን ቋሚ ከሆነ ግን ነገሩ የጣሪያ ጉዳይ ነውና ልምድ ያለው አናጺ ይየው።

ምርጊቱ ያው የጥንቱ ነው፤ አፈር፣ የጤፍ ጭድ፣ ውሃ፣ እግር። ረግጣችሁ ሸፍኑትና ይቡካ። ሲከረፋ ደርሷል። መጀመሪያ የሚመረገው ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ አትደንግጪ፤ ሁለተኛው የሚነክሰው ያንን ስንጥቅ ነው። ላዩን ኖራ ቀቢው። ኖራ ውሃውን ያስተነፍሳል፣ ሲነሳም በርካሽ ይደገማል። «ኖራ የድሮ ነው» የሚልሽ ካለ ጎንደር ላኪው። ፋሲል ግቢን ጣልያኖች በወረራው ዘመን በሲሚንቶ ጠጋግነውት ነበር፣ በኋላ የመጡት ጠጋኞች እሱን እያነሱ በኖራ ተኩት፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ ሲጀመርም የተገነባው በኖራ ነውና።

ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ደግሞ አንድ አካፋ ሳታነሺ ወረዳ ሄደሽ የእድሳት ፈቃድ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን ነው። አዲስ አበባ አንድ የቆየ የድንጋይ ቪላ ልገዛ ነው። በተላከልኝ ቪዲዮ ላይ ከመስኮቱ ማዕዘን ወደ ጣሪያው በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ አየሁ። ደላላው «ቀለም ነው» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጌታዬ፣ ቀለም በሰያፍ አይሰነጠቅም። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ ቢሆን ልስን ነው ብዬ አሳልፍልዎ ነበር። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን የሚነሳ ሰያፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሠረቱ በአንድ በኩል መንቀሳቀሱን ነው የሚናገረው፣ በተለይ የሳንቲም ጠርዝ የሚያስገባ ከሆነ። አዲስ አበባ ብዙ ቦታ ጥቁር ኮትቻ አፈር አለ። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሸሻል፣ ላዩ ያለው ቤት አብሮት ሽቅብ ቁልቁል ይላል። በክረምት የማይዘጋ በር በበጋ በሰላም ከተዘጋ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው።

እየሄደ ያለ ስንጥቅ መሆኑን ማወቂያው ርካሽ ነው። በሁለቱ ጫፎች በእርሳስ ይሰመርና ቀኑ ይጻፍበታል፣ መሀሉ ላይ አውራ ጣት የምታክል ጄሶ ይለጠፋል። ጄሶዋ ከተሰነጠቀች ቤቱ ገና አልተረጋጋም። ችግሩ ይሄ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይፈልጋል፣ ሻጭ ደግሞ አይጠብቅም። እንግዲያው የሚያምኑት ዘመድ ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ እየጣለ ይላኩ። ኮርኒስ ከፍቶ ይይ፣ ቧንቧውን ሁሉ በአንዴ ይክፈት፣ ሽንት ቤቱን ለቆ ውሃው የት እንደሚሄድ ይከተል። ቤቱ ሙሉ አሮጌ ቀለም ሆኖ አንድ ግድግዳ ብቻ ትናንት ከተቀባ እሱን ደህና አድርጎ ያሽትተው። ከዚያ በኋላ መሐንዲስ ይክፈሉ፤ ከቤቱ ዋጋ አንጻር የቡና ነው።

ቅርስ ሆኖ ተመዝግቦ እንደሆነም ያስጠይቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 እንዲህ ያለውን ቤት ያለ ፈቃድ መነካካት ይከለክላል፣ መስኮት አስፋለሁ ብለው እንዳይቸገሩ።

ጥያቄ፦ ቆርቆሮው ሳሎን ላይ ያፈሳል። ከላይ ካትራም ብቀባም እዚያው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምናልባት የቀባኸው ቀዳዳው የሌለበትን ነው። ውሃ በአንድ በኩል ይገባና በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ሌላ ቦታ ነው የሚንጠባጠበው። ቀን ፀሐይ ሲበረታ ኮርኒሱ ውስጥ ግባ፣ መብራት አጥፋ፣ ብርሃን የሚያስገባውን ፈልግ። አብዛኛውን ጊዜ የላላ ሚስማር ነው፣ ወይም ጉብታው ላይ መመታት ሲገባው ጎድጓዳው ላይ የተመታ። ንቀለውና ጎማ ያለው ብሎን ጉብታው ላይ እሰር፣ የድሮውን ቀዳዳ ያኔ ካትራም ቀባው። ቆርቆሮው ራሱ ከዛገ ቀይረው። ስትገዛ የጌጁ (የውፍረት መለኪያው) ቁጥር ሲበዛ ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አትርሳ፤ 35 ጌጅ ከ28 በጣም የሳሳ ነው። ላዩ ስትወጣ ሚስማር በተመታበት መስመር ላይ ርገጥ፣ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ደግሞ አትውጣ።