ዘጠኝ ሆኖ መጫወትና አራት ሆኖ መጫወት

ወንድሜ፣ «ሊሚት ፖከር (በአንዴ የሚጨመረው ብር የተወሰነበት ፖከር) ዘጠኝ ሆነን ስንጫወት አተርፍ ነበር፣ አሁን አራት አምስት ስንሆን በዚያው አጨዋወት ብሬ ያልቃል» ላልከው፣ እኔም እዚህ ጅማ አንድ ክረምት ሙሉ የተበላሁበት ነገር ነው።

የምንጫወተው አጂፕ አካባቢ ጓደኛችን ቤት ነው። በጋ ላይ ዘጠኝ እንሞላለን። ክረምት ሲገባ ግማሹ ወደ ቤተሰብ ይሄዳል፣ የቀረውን የጅማ ዝናብ ያስቀረዋል፣ አራት ሆነን ጀበናውን ከበን እንቀመጣለን። እኔም እንደ ልማዴ ጥሩ ካርታ እስኪመጣ እየጣልኩ ስጠብቅ፣ አንድም ትልቅ ጨዋታ ሳልሸነፍ ብሬ እልም!

ሒሳቡን በኋላ ነው የሠራሁት። ትንሹ ብላይንድ (ካርታ ሳታይ ተራህ ሲደርስ በግድ የምታስቀምጠው ብር) 5 ብር፣ ትልቁ 10 ብር ከሆነ፣ ተራው ሁሉንም ባዳረሰ ቁጥር 15 ብር ታወጣለህ። ለዘጠኝ ሰው በአንድ እደላ 1 ብር ከ67 ሳንቲም ገደማ ነው። ለሦስት ሰው ግን 5 ብር። ሁለት አስ ደግሞ፣ በእጅህ ከሚታደሉህ ሁለት ካርታዎች ምርጡ ማለት ነው፣ ሰው በዛም አነሰም በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ ነው የሚደርስህ። እሱን ስትጠብቅ ታልቃለህ።

ስለዚህ ሰው ሲያንስ ብዙ ካርታ መጫወት አለብህ፣ ያውም ራስህ መደቡን እየጨመርክ። አስ ከመካከለኛ ካርታ ጋር፣ ትንንሽ ጥንድም ቢሆን ዋጋ አለው። ቁጥራቸው ተከታታይ፣ ምልክታቸውም አንድ የሆነ ሁለት ካርታ ግን ብዙ ከፋይ ሲኖር ነው የሚጥመው፣ ለሁለት ሰው አያዋጣም።

«ሰው ሲበዛ አስ ይሸነፋል» የሚል ልጅ አለ እኛ ጋ፣ ሁሌ ያለቅሳል። እውነቱን ነው፣ ሁለት አስ አንድ ሰው ላይ 85 በመቶ ያሸንፋል፣ ከአንተ ሌላ ዘጠኝ ሰው ሳይጥል እስከ መጨረሻ ከቆየ ወደ 31 ይወርዳል። ሊሚት ላይ ደግሞ ጭማሪው የተወሰነ ስለሆነ አስፈራርተህ አታባርራቸውም። ግን መሀል ያለውን ብር እየው እንጂ! ከአስር ሰው ብር ላይ 31 በመቶ ማለት ካወጣኸው ሦስት እጥፍ ነው፣ ሁለት ሆናችሁ 85 በመቶው ግን 1.7 እጥፍ ብቻ። ደጋግመህ ትሸነፋለህ፣ ግን የበለጠ ታተርፋለህ።

ለእኔ ዝም ብሎ የሚከፍል ሰው የሞላበት ዘጠኝ ይሻለኛል። አራት ሆነን ሦስቱ ጎበዝ ከሆኑ ቡናዬን ጠጥቼ እነሳለሁ። እናንተ ጋ ግን ቤቱ ከየጨዋታው ይቆርጣል እንዴ? ከቆረጠ ሒሳቡ ሌላ ነው፣ ንገረኝ።