ፓዌ ያለችውን የአያቶችህን መንደር አመሠራረትና ስም ለማጣራት

«አያቶቼ በ77 ድርቅ ከወሎ ቃሉ ተነሥተው መተከል ውስጥ ፓዌ ሰፈሩ፤ መንደሯ እንዴት እንደተመሠረተችና ስሟ ከየት እንደመጣ ኮምቦልቻ ሆኜ ማወቅ እችላለሁ?» ላልከው፦ አብሽር፣ ግማሹ ሥራ እዚሁ ያልቃል። ደርግ በ1983 ሲወድቅ ብዙ ሰፋሪ ወደ ወሎ ስለተመለሰ፣ ከተመላሾች ጀምር።

የስሙን ትርጉም አስቀድመህ አትጠይቅ። «ምን ማለት ነው?» ካልክ የማያውቀውም እዚያው ትርጉም ፈጥሮ ይሰጥሃል። «ስትደርሱ ምን ብለው ጠሩላችሁ? ማን ነው የጠራት?» በል። ፓዌ ላይ መንግሥት ያወጣው ስም ቁጥር ነው፤ መንደር 7፣ መንደር 14 እያለ ይሄዳል። አሶሳ ቢሆን አምባ ከነቁጥሩ ነበር። ቁጥሩን የአሰፋፈር ቅደም ተከተል አድርገህ አትውሰደው። ሰዉ በአፉ የሚጠራት ሌላ ስም ካላት ለብቻው ጻፍ። አገሩ ከሰፈራው በፊትም የጉሙዞች ነው፤ ወንዙም ኮረብታውም በእነሱ ቋንቋ ስም አለው። «ባዶ ጫካ ነበር» የሚልህን መዝግበው እንጂ እንዳለ አትቀበለው። የጉሙዝ ሽማግሌ ሳይጠየቅ የስሙ ጉዳይ አይዘጋም።

ብዙ ሰው የሚስተው ዓመቱ ላይ ነው። የ66ቱና የ77ቱ ድርቅ በአዛውንቶች ወሬ ይደባለቃሉ። «ስትነሡ ገበሬ ማኅበር ነበር?» ብለህ ለያቸው፤ ገበሬ ማኅበር የመጣው ከየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ ነው። ቀጥለህ «የጣና በለስ ፕሮጀክት ሠራተኞች፣ ጣሊያኖቹ፣ ቀድመዋችሁ ነበር ወይስ በኋላ መጡ?» በል። ወሩንም አትርሳ፤ ኅዳር 1977 በፈረንጅ ሰነድ 1984 ሲሆን ጥር 1977 ግን 1985 ይሆናል። እናቶችን ስትጠይቅ «የትኛውን ልጅ አዝለሽ ነበር?» ማለት ከዓመት ጥያቄ ይሻላል።

«ከደሴ መጣን» ሲሉህ ደሴ ተወለዱ ማለት ላይሆን ይችላል። ደሴ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ስለነበረች ከአምባሰልም ከወረኢሉም የተነሣ ሰው እንዲያ ሊል ይችላል። አውራጃውን፣ ቀጥሎ ቀበሌውን፣ ከዚያ የየትኛው ቅሬ (የወሎ ዕድር) ሰው እንደነበሩ ጠይቅ። ፓዌ ያቋቋሙት ቅሬ አሮጌ መዝገብ ካለው ፎቶ አንሣልኝ በል፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ማን ከማን ጋር እንደነበረ ያሳያሉ።

አራት አምስት ሰው ለየብቻ አነጋግር፤ ሲፈቅዱ በስልክህ ቅዳ፣ የነገሩህን ቀንና የተነሡበትን ቀበሌ ከሥሩ ጻፍ። ወዳጃ (የጋራ ዱዓ) ላይ ተሰብስበው ከጠየቅካቸው መጀመሪያ የተናገረውን ሌላው ይደግመዋል፤ ኋላ አምስት ምስክር ያገኘህ ይመስልሃል፣ ያለህ ግን አንድ ነው። ሁለት የማይስማማ ታሪክ ከመጣ ሁለቱንም አስቀምጥ።

ስም ተመሳሰለ ብለህም አትቸኩል። የእኛዋ ኮምቦልቻ ስሟን ያገኘችው ከኦሮምኛ ነው፤ ኮምቦልቻ ማለት በአማርኛ አጣጥ የምንለው እሾኻማ ቁጥቋጦ ነው። ሐረርጌም ኮምቦልቻ አለ። ቁጥቋጦው በበቀለበት ሁሉ ስሙ ሊወጣ ስለሚችል፣ ስሙ ብቻውን ሰው ከዚያ ወደዚህ መፍለሱን አያሳይም።