ስክሪናችን ባትሪውን የሚጨርሰው የት ላይ ነው? ጥያቄና መልስ

ቲቪና ስልክ ስጠግን ስለኖርኩ “ስለ ስክሪን ድራይቨር ጠይቁኝ” ብዬ ነበር። ጥያቄው ዘነበ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ድራይቨር የምትሉት የትኛው ነው?

የስክሪኑ ፓኔል ጠርዝ ላይ፣ ፍላት ኬብሉ የሚገባበት ጋ ያለችው ቀጭን ቺፕ ናት። ሥራው ሁለት ነው። ጌት ድራይቨር የፒክስሎቹን (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) ረድፎች ተራ በተራ ይከፍታል። ሶርስ ድራይቨር ደግሞ በየአምዱ ሽቦ፣ ለተከፈተው ረድፍ ፒክስሎች የሚገባቸውን ቮልቴጅ ይልካል። ብዙ የሚለፋው ሶርሱ ስለሆነ ብዙ የሚበላውም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የሚሽከረከር ነገር የለው፣ ታዲያ ኃይሉ የት ይገባል?

እያንዳንዱ የአምድ ሽቦ እንደ ትንሽ ካፓሲተር፣ ማለትም እንደ ቻርጅ ማጠራቀሚያ ነው። ይሞላል፣ ይፈሳል። 1080 በ2400 ፒክስል የሆነ የኤልሲዲ (ከጀርባው መብራት ያለው የሊኩዊድ ክሪስታል ስክሪን) ስልክ እንውሰድ። ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለየብቻ ሲቆጠር 3,240 አምድ አለው። በ60 ኸርዝ፣ ማለትም ምስሉን በሴኮንድ 60 ጊዜ እያደሰ ሲሠራ፣ አንዱ አምድ በሴኮንድ 144,000 ጊዜ አዲስ ቮልቴጅ ይቀበላል። የሚባክነው ኃይል ከካፓሲታንሱ (ሽቦው ቻርጅ የመያዝ አቅሙ)፣ ከድግግሞሹና ከቮልቴጁ ስኩዌር (በራሱ ሲባዛ) ጋር አብሮ ያድጋል። ስኩዌር መሆኑ ላይ ነው ጨዋታው። የቮልቴጁን ውጣ ውረድ ከ10 ወደ 8 ቮልት ብታወርዱት 36 በመቶ ይቀንሳል። ዲዛይነሮች ቮልቴጁን ለማውረድ የሚሟገቱት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ኤልሲዲ ላይ ፖላሪቲው (የቮልቴጁ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆን) በየፍሬሙ፣ ማለትም ምስሉ በታደሰ ቁጥር ይገለበጣል ይባላል። ይሄ ብክነት አይደለም?

ነው፤ ግን ግድ ነው። ሊኩዊድ ክሪስታል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቮልቴጅ ከተጫነበት ይበላሻል፤ የቆየው ምስል ጥላው ይቀራል። ስለዚህ አንዴ ፖዘቲቭ፣ አንዴ ኔጋቲቭ ይሰጠዋል። ልዩነቱ አገለባበጡ ላይ ነው። “ዶት ኢንቨርዥን” ጎረቤት ፒክስሎችን ሁሉ ተቃራኒ ያደርጋል። ምስሉ ያምራል፤ ሽቦው ግን በየረድፉ ከላይ እስከ ታች ይዘላል። “ኮለም ኢንቨርዥን” አንዱን አምድ ፍሬሙ እስኪያልቅ በአንድ ፖላሪቲ ያቆየዋል። ኃይል በጣም ይቆጥባል፤ ችግሩ ቀጥ ያሉ መስመሮችና ብልጭታ ሊያመጣ ይችላል።

እኔ የምወደው መፍትሔ እዚህ ጋ ነው። ፒክስሎቹን ከአንዱ አምድ ጋር አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ በዚግዛግ ያገናኟቸዋል። ድራይቨሩ የሚሠራው ኮለም ኢንቨርዥን ነው፤ ዓይናችን የሚያየው ግን ዶት ኢንቨርዥን ነው። ቺፑ ላይ ምንም ሳይጨመር፣ በሽቦ አዘረጋጉ ብቻ!

ጥያቄ፦ ቻርጅ ሼሪንግ ምንድን ነው?

አንዱ አምድ +5፣ ጎረቤቱ −5 ቮልት ላይ ነው እንበል። አሁን ሊገለበጡ ነው። ከፓወር ሰፕላይ ከመጠየቃቸው በፊት ለአፍታ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ልክ እንደ ሁለት የተያያዙ በርሜሎች ይተካከሉና ሁለቱም ዜሮ ላይ ይቆማሉ። የቀረው መንገድ 5 ቮልት ብቻ ነው፤ ግማሹ በነፃ ተሄደ። አምዱ ቀድሞውኑ በኮለም ኢንቨርዥን የሚሠራ ከሆነ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው።

የድሮ ፕላዝማ ቲቪ የፈታችሁ ትልልቆቹን ኮይሎች ታስታውሳላችሁ? የዚህ ዘዴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ፕላዝማ በ1964 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተፈጠረ ነው። ፓኔሉ ራሱ ትልቅ ካፓሲተር ስለሆነ፣ በኮይል አማካይነት ቻርጁን ወደ ማጠራቀሚያ እየመለሱ እንደገና ይጠቀሙበታል። ያ ባይኖር የዚያ ቲቪ ሙቀት አይቻልም ነበር።

ጥያቄ፦ 120 ኸርዝ ሳደርገው ስልኬ ቶሎ ይሞታል። ለምን ሁሉም ስልክ ወደ 1 ኸርዝ አይወርድም?

120 ላይ ያ 144,000 ወደ 288,000 ይወጣል፤ ይገባዋል። ቀስ ለማለት ደግሞ ፒክስሉ የተሰጠውን ቮልቴጅ ይዞ መቆየት አለበት። በየፒክስሉ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያገለግለው የተለመደው የሲሊከን ትራንዚስተር ያፈሳል፤ ቶሎ ካላደሱት ምስሉ ይርገበገባል። ኦክሳይድ ትራንዚስተር የሚያፈሰው በጣም ትንሽ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ኤልቲፒኦ ይባላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው አፕል ዋች ሲሪስ 5 ሳይጠፋ ሰዓት ማሳየት የቻለው በዚህ ወደ 1 ኸርዝ እየወረደ ነው።

ጥያቄ፦ ዳርክ ሞድ ይጠቅማል?

ኤልሲዲ ከሆነ እርሱት፤ ጥቁሩም ጀርባ ባክላይቱ (የጀርባ መብራቱ) እየበራ ነው። ኦሌድ (እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ የሚያበራበት ስክሪን) ከሆነ ይጠቅማል፤ ግን እንደ ብርሃኑ መጠን ነው። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. እንደለኩት፣ ብርሃኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ቁጠባው በአማካይ ከ3 እስከ 9 በመቶ ነው። ሙሉ ብርሃን ላይ ግን ከ39 እስከ 47 በመቶ ይደርሳል። ማታ አልጋ ላይ ሳይሆን ፀሐይ ላይ ነው የሚያዋጣው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቲቪዬን በሶላር ነው የማየው። ቦርዱ ላይ የድራይቨሩን ቮልቴጅ ባወርደውስ?

ወንድሜ፣ ተው። አንድ የተጣለ ፓኔል ላይ ሞክሬዋለሁ። የጌቱን ቮልቴጅ ሳወርደው ትራንዚስተሮቹ በደንብ አልከፈቱም፤ ፒክስሎቹም ሳይሞሉ ምስሉ ገርጥቶ ቀረ። የኤልሲዲ ቲቪ ዋናው በላተኛ ደግሞ ድራይቨሩ አይደለም፣ ባክላይቱ ነው። ፖላራይዘሩና የቀለም ፊልተሩ ስለሚውጡት ከብርሃኑ ዓይናችን ጋ የሚደርሰው አንድ አሥረኛው እንኳ አይሞላም። ሪሞቱን አንሣና ሜኑ ውስጥ “ባክላይት” የሚለውን ቀንሰው። “ብራይትነስ” የሚለውን አይደለም፤ እሱ ብዙ ቲቪ ላይ ጥቁሩን ብቻ ነው የሚነካው።