የኩላሊት ካንሰር ለጨረር አይበገርም ይባላል ላልሽው

እህቴ፣ የእናትሽን ነገር አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ኩላሊታቸው ወጥቶ ነበር፣ አሁን ሳንባቸው ላይ ሁለት፣ አከርካሪያቸው ላይ አንድ ቦታ ታየ፣ ዶክተሩ ስቴሪዮታክቲክ ጨረር አለ፣ ግን የኩላሊት ካንሰር ለጨረር አይበገርም ሲባል ሰማሁ፣ እናስደርግ ወይ ነው ያልሽው። ባለቤቴ ይሄንኑ ጨረር ስለወሰደ የማውቀውን ልንገርሽ።

አይበገርም የሚባለው ስለ ተለመደው ጨረር ነው። እሱ በቀን 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ እየተከፋፈለ ለሳምንታት ይሰጣል፣ የኩላሊት ካንሰር ሴል ደግሞ በትንሽ በትንሹ ሲመታ ጉዳቱን እየጠገነ ይቀጥላል። ስቴሪዮታክቲክ የሚባለው ይሄኛው ግን ከ1 እስከ 5 ጊዜ ብቻ፣ በእያንዳንዱ በጣም ከፍ ያለ መጠን ነው፣ ከብዙ አቅጣጫ እየመጣ እጢው ላይ ስለሚገናኝ ዙሪያው ብዙም አይጎዳም። በብዙ ጥናቶች የተመታው እጢ ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ ገደማ ባለበት ይቆማል። የተመታው ነው እንግዲህ፣ ሌላ ቦታ አዲስ እንዳይወጣ አይከለክልም፣ ይሄን ቀድማችሁ እወቁት።

እንደ እናትሽ ጥቂት ቦታ ብቻ ሲሆን ዋናው ጥቅም የካንሰሩን መድኃኒት፣ ማለትም ክኒኑን፣ መጀመር ማዘግየቱ ነው። በ2021 የወጣ ጥናት ላይ እስከ 5 ቦታ የተሰራጨባቸው 30 ሰዎች ያለ መድኃኒት ጨረር ብቻ ወስደው ግማሾቹ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሽታው ሳይብስባቸው ቆይተዋል። የክኒኑን ድካም፣ ተቅማጥ፣ የእጅና የእግር መላጥ በቅርብ ላየ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው!

የኛ ትንሽ ይለያል፣ ባለቤቴ ክኒን ላይ እያለ ሌላው ሁሉ ጸጥ ብሎ አከርካሪው ላይ ያለው ብቻ አደገ፣ ዶክተሯ መድኃኒቱን ሳትቀይር ያንን ብቻ በጨረር አስመታችው፣ ክኒኑን ለጥቂት ቀን አስቁማ መልሳ አስጀመረችው። ከመጀመሪያው ጨረር በኋላ ህመሙ ባሰበትና በጣም ደነገጥን፣ ለጊዜው የሚመጣ ነው ብለው ዴክሳሜታሶን (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ሰጡትና በረደለት። አከርካሪ ላይ ከሆነ አጥንቱ በኋላ የመሰበር አደጋ ስላለው በደንብ ጠይቂ። ሳንባ ላይ ደግሞ ከወራት በኋላ ሳል ወይ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ቶሎ ንገሪያቸው፣ ሲቲ ስካን ምርመራ ላይም ጨረሩ ያመጣው ጠባሳ ያደገ እጢ ሊመስል ስለሚችል ጨረሩን የሰጠው ሐኪም ሳያየው ተስፋ አትቁረጡ።

እና ጨረሩ ሲሰጣቸው ሳይንቀሳቀሱ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚተኙ ጀርባቸውን የሚያማቸው ከሆነ ማስታገሻቸውን ከመግባታቸው በፊት እንዲወስዱ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ።